በኢንተርኔት ዘመን የዜግነት ተሳትፎና የትምህርት ቤት ድርሻ

መግቢያ

ትምህርት ቤት ከተቋቋመባቸው ዓላማዎች አንዱ ልጅን ለዜግነት ማዘጋጀት እንደሆነ የታወቀ ነው። ዜግነት ደግሞ ስምን በመዝገብ በማስፈር ብቻ የሚፈጸም ነገር አይደለም። ዜጋ የሚባለው በሚኖርበት ኅብረተሰብ የጋራ ጉዳይ ላይ አሳቡን የሚሰጥ፣ የሌላውንም አሳብ የሚሰማ፣ በተወሰነውም ነገር የድርሻውን ኃላፊነት የሚወጣ ሰው ነው። ይህ ተግባር ባለፉት ዘመናት የሚከናወንባቸው ቦታዎች የታወቁ ነበሩ፤ እነርሱም ሸንጎው፣ የዕድሩ ስብሰባ፣ የቀበሌው አዳራሽ፣ የጋዜጣው ዓምድና የአቤቱታው ወረቀት ናቸው። በቅርብ ዘመን ግን በነዚህ ላይ ኢንተርኔት ተጨምሯል።

አዲሱ አደባባይ ከቀድሞዎቹ የሚለየው በስፋቱ ብቻ አይደለም። በቀድሞዎቹ ቦታዎች ለመናገር ዕድሜ፣ ማዕረግ ወይም የሰብሳቢው ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። በአዲሱ አደባባይ ግን የዐሥራ አራት ዓመት ተማሪ ማንንም ሳያስፈቅድ ይናገራል፤ ንግግሩም በደቂቃዎች ውስጥ ከአገር አገር ሊደርስ ይችላል። የሚናገረው ነገር ሰውን ሊያድን፣ ወይም ሰውን ሊጎዳ የሚችል ሲሆን፣ በአብዛኛው ወደዚህ አደባባይ የሚገባው ማንም ሳያስተምረው ነው። በመሆኑም ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርበው ጥያቄ ተማሪው ኢንተርኔት ይጠቀም ወይስ አይጠቀም የሚል አይደለም። ጥያቄው በዚያ ቦታ እንደ ዜጋ እንዲሠራ የሚያስፈልገውን ዕውቀት ከወዴት ያገኛል የሚል ነው።

ይህ ጽሑፍ በጉዳዩ ላይ የሚነገሩትን ዋና ዋና ቃላት ያብራራል፤ ከዚያም በልዩ ልዩ አገሮች፣ በአገራችንም ጭምር፣ የታዩትን ሁኔታዎች መርምሮ ለክፍል ሥራና ለዕቅድ የሚጠቅሙ አሳቦችን ያቀርባል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ቃላቱና ትርጉማቸው

ዲጂታል ዜግነት ማለት አንድ ሰው በኮምፒዩተርና በተንቀሳቃሽ ስልክ አማካይነት በኅብረተሰቡ ኑሮ ውስጥ ሲሳተፍ ያሉት መብትና ግዴታ፣ እንዲሁም ለዚህ የሚያስፈልገው ዕውቀትና ጠባይ ነው። መሣሪያውን መክፈትና መዝጋት ማወቅ የዚህ ትንሹ ክፍል ነው። ብዕር መያዝ የቻለ ሁሉ አቤቱታ መጻፍ እንደማይችል ሁሉ፣ ስልክ መነካካት የቻለ ሁሉ ዲጂታል ዜጋ ነው ሊባል አይችልም።

የተሳትፎ ባህል የተባለውን አሳብ ያስፋፋው አሜሪካዊው የብዙኃን መገናኛ ተመራማሪ ሄንሪ ጄንኪንስ ነው። እርሱና ባልደረቦቹ በ2006 ለማክአርተር ፋውንዴሽን ባዘጋጁት ጥናት ለዚህ ባህል አምስት ምልክቶችን ሰጥተዋል። ይኸውም አሳብን ለመግለጽና ለመሳተፍ ያለው መሰናክል ዝቅተኛ መሆኑ፣ ሥራን ፈጥሮ ለሌላው ለማካፈል ብርቱ ድጋፍ መኖሩ፣ የሚያውቀው የማያውቀውን በልማድ የሚያስተምር መሆኑ፣ አባላቱ አስተዋጽኦአችን ዋጋ አለው ብለው ማመናቸውና እርስ በርሳቸው መተሳሰባቸው ነው። ይህ ነገር ለእኛ አገር አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በደቦ አጨዳ ላይ ጀማሪው ከጎበዙ አጠገብ ተሰልፎ እያየ ይማራል፤ ያጨደውም ጥቂት ቢሆን ከነዶው ይቆጠርለታል። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለው ምሳሌያችንም የዚሁ ባህል ቃል ነው።

ይሁን እንጂ ተሳትፎ ሁሉ እኩል አይደለም። ሼሪ አርንስታይን የተባለች አሜሪካዊት በ1969 ባወጣችው ጽሑፍ የዜጎችን ተሳትፎ ስምንት ደረጃ ባለው መሰላል መስላዋለች። የታችኞቹ ሁለት ደረጃዎች ሰውን ማታለልና ማባበል እንጂ ተሳትፎ አይደሉም። መካከለኞቹ ሦስቱ ለዜጋው መንገርን፣ ዜጋውን መጠየቅንና በጥቂት መሾም ማስታገሥን የሚያመለክቱ ሲሆኑ፣ ውሳኔው ግን ከባለ ሥልጣኑ እጅ አይወጣም። የላይኞቹ ሦስቱ ብቻ ለዜጋው እውነተኛ የውሳኔ ድርሻ ይሰጣሉ። ይህ መሰላል ኢንተርኔት ከመስፋፋቱ በፊት የተሠራ ቢሆንም ዛሬ የበለጠ ያገለግላል። ምክንያቱም አንድ ሚሊዮን ሰው አንድን ምልክት ቢጫን ቁጥሩ ብዙ ሆኖ ሳለ፣ በመሰላሉ ላይ አንድ ደረጃ እንኳ ሳይወጣ ሊቀር ይችላል።

2. ምስክርነትን በጋራ መሰብሰብ

በኬንያ በዲሴምበር 27 ቀን 2007 ከተደረገው ምርጫ በኋላ በተነሣው ሁከት ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩም ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። መንግሥቱ የቀጥታ የዜና ስርጭትን በማገዱ በየመንደሩ የሚሆነውን ማወቅ አስቸጋሪ ሆነ። በዚህ ጊዜ ኦሪ ኦኮሎ የተባለች ኬንያዊት የሕግ ባለሙያ፣ የሁከቱን ቦታዎች በካርታ ላይ የሚያሳይ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ቢገኝ ስትል በጃንዋሪ 2008 መጀመሪያ በኢንተርኔት ጥሪ አቀረበች። ጥሪውን የሰሙ ባለሙያዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ኡሻሂዲ የተባለውን መሣሪያ ሠርተው ለሕዝብ አቀረቡ። ኡሻሂዲ በስዋሂሊ ቋንቋ ምስክርነት ማለት ነው። ማንኛውም ሰው ያየውን በስልክ መልእክት ወይም በኢንተርኔት ሲልክ፣ አዘጋጆቹ ከሌላ ምንጭ ጋር እያስተያዩ በካርታው ላይ ያሰፍሩት ነበር።

ይኸው መሣሪያ በጃንዋሪ 12 ቀን 2010 በሄይቲ ከደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ እንደገና አገለገለ። በፍርስራሽ ሥር ያሉ ወይም ውኃና መድኃኒት ያጡ ሰዎች 4636 ወደተባለው አጭር ቁጥር መልእክት ይልኩ ነበር። መልእክቶቹ በሄይቲ ክሬኦል ቋንቋ የተጻፉ በመሆናቸው፣ ቋንቋውን የማያውቁ የውጭ አገር የነፍስ አድን ሠራተኞች ሊያነቧቸው አልቻሉም። ይህን ችግር የፈቱት በአሜሪካ፣ በካናዳና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ የሄይቲ ተወላጆች ናቸው፤ እያንዳንዱን መልእክት ከየቤታቸው ሆነው ተረጐሙ፤ የመንደሮቹንም ስም እያወቁ ቦታውን አመለከቱ። በ2004 በእንግሊዝ አገር የተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው የጋራ ካርታ በጎ ፈቃደኞችም ከሰማይ የተነሡ ፎቶግራፎችን እያዩ፣ እስከዚያ ድረስ ባዶ ሊባል ይችል የነበረውን የፖርቶ ፕራንስ ካርታ በቀናት ውስጥ በመንገድና በሕንፃ ሞሉት።

ከነዚህ ሁለት ሁኔታዎች ሦስት ነገሮችን እንማራለን። አንደኛ፣ ጠቃሚው ተሳትፎ ስሜትን ከመግለጽ አልፎ አንድ የተወሰነ ዕውቀት የሚሰጥ ነው፤ ይኸውም የት፣ መቼ፣ ምን ተደረገ የሚለው ነው። ሁለተኛ፣ መረጃው ከመመዝገቡ በፊት የሚያጣራ ሰው ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ የአገርን ቋንቋና የቦታን ስም ማወቅ ራሱን የቻለ ሀብት ነው። በውጭ አገር የሚኖረው ወገናችን ለአገሩ ሊሰጥ የሚችለው ገንዘብ ብቻ አለመሆኑን የሄይቲው ምሳሌ በግልጽ ያሳያል።

3. ዕውቀትን በጋራ መጻፍ

በጃንዋሪ 15 ቀን 2001 የተጀመረው ዊኪፔዲያ ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል መዝገበ ዕውቀት ነው። ሥራው ያለ ሥርዓት የሚካሄድ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ጸሐፊዎቹ የሚገዙባቸው ጥብቅ ደንቦች አሉ። አቀራረቡ ለማንም ያላደላ መሆን አለበት፤ የተጻፈው ሁሉ በታመነ ምንጭ የሚረጋገጥ መሆን አለበት፤ የራስን ያልታተመ ምርምር ማስገባት አይፈቀድም። በእያንዳንዱ ገጽ ጀርባ የእርማቱ ታሪክ በሙሉ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ጸሐፊዎቹ ያልተስማሙበትንም ነገር የሚከራከሩበት ገጽ አለ። ስለዚህ ለመምህሩ ከጽሑፉ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ የክርክሩ ገጽ ሊሆን ይችላል። ተማሪው ዕውቀት እንዴት እንደሚፈተንና እንደሚታረም በዓይኑ የሚያይበት ቦታ ነውና።

የአማርኛው ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ያህል ጽሑፎች ሲኖሩት፣ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ አለው። የልዩነቱ ምክንያት ብዙ ቢሆንም አንዱ ከፊደላችን ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በቀድሞው ጊዜ ልዩ ልዩ ሰዎች ለኮምፒዩተር የሠሯቸው የፊደል ዓይነቶች እርስ በርሳቸው የማይግባቡ ስለ ነበሩ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። የግእዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ሦስተኛ እትም ውስጥ ሲገባ፣ በአንድ ኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ ወይም ትግርኛ በሌላው እንዲነበብ የሚያስችል መሠረት ተጣለ። ፊደሉ በአደባባዩ ላይ ቦታ ካላገኘ ባለ ፊደሉም ቦታ አያገኝም። ዛሬ ያ መሰናክል ተነሥቷል፤ የቀረው የጸሐፊዎች ቁጥርና ልምድ ነው። አንድ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስለ ተወለደበት ወረዳ ወንዝ ወይም ስለ አካባቢው ሰብል በምንጭ የተረጋገጠ አንድ ገጽ ቢጽፍ፣ ለቋንቋው የሚያበረክተው ድርሻ ቀላል አይደለም።

4. ፈጣን ጥሪና ጽኑ ሥራ

በኢንተርኔት ስለሚካሄድ የዜጎች ንቅናቄ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚደነቀው ፍጥነቱ ነው። ይሁን እንጂ ፍጥነት ከኢንተርኔት ጋር የተወለደ አይደለም። በዲሴምበር 1955 በአሜሪካ በሞንጎመሪ ከተማ ሮዛ ፓርክስ በአውቶቡስ ውስጥ መቀመጫዋን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም በማለቷ በታሰረች ዕለት፣ ጆ አን ሮቢንሰን የተባለች የኮሌጅ የእንግሊዝኛ መምህርት ከአንድ የሥራ ባልደረባዋና ከሁለት ተማሪዎች ጋር ሌሊቱን ሙሉ በወረቀት ማባዣ መኪና በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥሪዎችን አባዝታ በማግሥቱ አሠራጨች። ጥሪው የፈጀው አንድ ሌሊት ነው። በአውቶቡስ አለመሳፈሩ ግን 381 ቀን ዘለቀ። በነዚያ ቀናት ሕዝቡ ሥራው እንዳይታጐል መኪና ያላቸው የሌላቸውን እንዲያጓጉዙ በጣቢያና በሰዓት የተደለደለ አገልግሎት ተደራጀ፤ ገንዘብ ተሰበሰበ፤ በፍርድ ቤትም ክርክር ተካሄደ። ድሉ የተገኘው ከጥሪው በኋላ በተሠራው ሥራ ነው።

የማኅበረሰብ ተመራማሪዋ ዘይነፕ ቱፈክቺ በ2017 ባወጣችው መጽሐፍ ያስረዳችው ይህንኑ ልዩነት ነው። ቀድሞ ሕዝብን ለመሰብሰብ ረዥም የዝግጅት ሥራ ስለሚያስፈልግ፣ በዝግጅቱ ውስጥ ሰዎች አብሮ መወሰንን፣ መደራደርንና ሥራ መከፋፈልን ይማሩ ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ሕዝብ በጥቂት ቀናት ሊሰበሰብ ስለሚችል፣ ንቅናቄው ይህን ልምድ ሳያካብት ከትልቅ ውሳኔ ፊት ይደርሳል፤ መንገድ መለወጥ ሲያስፈልገውም ይቸገራል።

ከጥሪ ወደ ውሳኔ የሚወስድ ድልድይ ለመሥራት ከተሞከሩት ሁሉ የታይዋን ሙከራ ትምህርት ሰጪ ነው። በማርች 2014 ተማሪዎች ከቻይና ጋር የተደረገውን የንግድ ስምምነት አጸዳደቅ በመቃወም የሕግ መወሰኛውን አዳራሽ ይዘው ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆዩ። ከ2012 ጀምሮ ተደራጅተው የነበሩ በጎ ፈቃደኛ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች በውስጥ የሚደረገውን ውይይት ለሕዝብ አስተላለፉ። ከዚህ በኋላ መንግሥቱና ባለሙያዎቹ በመተባበር ሕዝብ በረቂቅ ደንቦች ላይ የሚመክርበትን ቪታይዋን የተባለ ሥርዓት አቋቋሙ። በ2015 ዑበር የተባለው የመጓጓዣ ድርጅት በባለ ታክሲዎችና በተሳፋሪዎች መካከል ክርክር ባስነሣ ጊዜ ጉዳዩ ወደዚህ ሥርዓት ቀረበ።

የአሠራሩ ብልሃት ቀላል ነው። ተሳታፊው የራሱን አሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስገባል፤ የሌሎችንም እየተመለከተ እስማማለሁ፣ አልስማማም ወይም ይለፈኝ ይላል። ነገር ግን ለሌላው ሰው መልስ መስጫ ቦታ የለም። ስለዚህ ስድብ መለዋወጥ አይቻልም። መሣሪያው አሳባቸው የሚቀራረብ ሰዎችን በቡድን እየለየ ያሳያል፤ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ በተቃራኒ ቡድኖች ዘንድ እኩል ተቀባይነት ያገኙትን አሳቦች አጉልቶ ያወጣል። በዚህ መንገድ የመድንንና የአሽከርካሪዎችን ፈቃድ የመሰሉ የጋራ ነጥቦች ተገኙ፤ በኋላም በወጣው ደንብ ውስጥ ገቡ። ይህ ሥርዓት እንከን የለበትም ማለት አይደለም። መንግሥት በውጤቱ የመገደድ ግዴታ ስለሌለበት፣ ተሳትፎው ከአርንስታይን መሰላል የላይኛው ጫፍ አልደረሰም። የሆነ ሆኖ የመወያያው ቦታ አሠራር የውይይቱን ጠባይ እንደሚወስን ያረጋግጣል።

5. የ2008 ዓ.ም. ፈተና

ለትምህርት ባለሙያ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ምሳሌ በአገራችን የደረሰው ነው። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. ከ250 ሺህ በላይ ተማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተዘጋጅተው ሳለ፣ የፈተናው ወረቀት በማኅበራዊ መገናኛ በመውጣቱ ፈተናው ተሠረዘ። ከወረቀቱ መውጣት ጋር ስማቸው የተነሣው በውጭ አገር የሚኖሩ የንቅናቄ ሰዎች ምክንያታቸውን ሲገልጹ፣ በኦሮሚያ ክልል በነበረው ተቃውሞ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘግተው ስለ ነበር ተማሪዎቹ ያመለጣቸውን እስኪያሟሉ ፈተናው እንዲራዘም ጠይቀን ሰሚ አላገኘንም ብለዋል። ፈተናው በሐምሌ ወር እንደገና ሲሰጥ የማኅበራዊ መገናኛ አገልግሎቶች ለቀናት ተዘጉ፤ በሚቀጥለው ዓመት የፈተና ወቅትም ኢንተርኔት ተቋረጠ።

ይህ ሁኔታ ለማንም ወገን ሳያደሉ ሊመረመር ይገባዋል። ወረቀቱን ያወጡት ሰዎች ያነሡት ጥያቄ ስለ ትምህርት ዕድል እኩልነት የቀረበ ጥያቄ ነበር። የተጠቀሙበት መንገድ ግን ስለ ክርክሩ ምንም ያላወቀውንና በገጠር ሆኖ በኩራዝ ያጠናውን ተማሪ ጭምር ለተጨማሪ ወር ጭንቀት ዳርጎታል፤ በፈተናው ላይ የነበረውንም እምነት ጎድቷል። በሌላው ወገን አገልግሎቱ ሲቋረጥ ከፈተናው ጋር ግንኙነት የሌለው ነጋዴ፣ ሐኪምና ተመራማሪ ሥራው ታጕሏል። በመካከሉ የጐደለው ነገር ጐልቶ ይታያል። የፈተና ይራዘምልን ጥያቄ በወቅቱ ቀርቦ፣ በማስረጃ ተመርምሮ፣ አዎን ወይም አይሆንም የሚል መልስ ከነምክንያቱ የሚያገኝበት የታወቀ ደረጃ ያስፈልግ ነበር። መሰላል በሌለበት ቤት ወደ ሰገነቱ የሚወጣ ሰው ግድግዳውን ይቧጥጣል፤ ባለ ቤቱም በሩን ይዘጋል። ሁለቱም በየራሳቸው ምክንያት ቢኖራቸው ቤቱ ግን ይጎዳል።

6. የሐሰት ወሬ ጉዳት

የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀድሞ ትዊተር ይባል በነበረው መገናኛ ከ2006 እስከ 2017 የተሠራጩ 126 ሺህ ያህል ወሬዎችን መርምረዋል። ሐሰተኛው ወሬ ከእውነተኛው ይልቅ በሌሎች የመተላለፍ ዕድሉ በ70 ከመቶ እንደሚበልጥ አረጋገጡ። ከዚህም የሚያስደንቀው ምክንያቱ ነው። ብዙ ሰው ጥፋቱን በራሳቸው በሚሠሩ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ላይ ያላክካል፤ ተመራማሪዎቹ ግን ፕሮግራሞቹ እውነቱንም ሐሰቱንም በእኩል መጠን እንደሚያሠራጩና ልዩነቱን የፈጠሩት ሰዎች መሆናቸውን አገኙ። ሐሰተኛ ወሬ አዲስና አስገራሚ ስለሚሆን ሰው ቀድሞ ለመንገር ይቸኩላል። ችግሩ የሰው ጠባይ ከሆነ መድኃኒቱም በከፊል ከትምህርት የሚገኝ ነው ማለት ነው።

በአገራችን ባህል አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበር። ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚያውቀውን እንዲናገር ይደረግ ነበር። ኢንተርኔትም ዛሬ ሳይጠራ የሚሰበሰብ አውጫጭኝ ሆኗል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በአፈርሳታ ላይ የሚናገረው ሰው በጎረቤቱ ዘንድ ይታወቃል፤ ለቃሉም ይጠየቃል። በኢንተርኔት የሚናገረው ግን ብዙ ጊዜ ስሙም መንደሩም አይታወቅም። በአፕሪል 2013 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በሩጫ ውድድር ላይ ቦምብ በፈነዳ ጊዜ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ፎቶግራፎችን እያስተያዩ ወንጀለኛውን ለማግኘት ሞከሩ። ከጥቆማዎቹ አንዱ በዚያ ወቅት ጠፍቶ ይፈለግ በነበረ ንጹሕ ተማሪ ላይ አረፈ፤ በጭንቀት ላይ የነበሩት ቤተ ሰቦቹም የስድብና የዛቻ ናዳ ወረደባቸው። ተሳታፊዎቹ አብዛኛዎቹ ለበጎ ያሰቡ ነበሩ። በኬንያና በሄይቲ እንደተደረገው የሚያጣራ ሰው በመካከል ስላልነበረ ግን በጎ አሳባቸው ሰውን ጎዳ።

7. ለክፍል ሥራ የሚሆኑ አሳቦች

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳም ዋይንበርግና ሣራ ማክግሩ በ2017 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ የታሪክ ምሁራን የሆኑ 10 ሰዎች፣ በሙያቸው መረጃ የሚያጣሩ 10 ሰዎችና 25 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ድረ ገጾችን እንዴት እንደሚመዝኑ ተመለከቱ። ምሁራኑና ተማሪዎቹ አንዱን ገጽ ከላይ እስከ ታች በጥንቃቄ ሲያነቡ፣ በገጹ ውበትና በስሙ ክብደት ብዙ ጊዜ ተታለሉ። መረጃ አጣሪዎቹ ግን ገጹን ወዲያው ትተው ሌሎች ምንጮች ስለ ባለ ገጹ ምን እንደሚሉ ይፈልጉ ነበር፤ በአጭር ጊዜም ወደ ትክክለኛው መደምደሚያ ደረሱ። ይህ ዘዴ ወደ ጎን ማንበብ ይባላል። ከዚሁ ሥራ የወጡት ሦስት ጥያቄዎች በማንኛውም ክፍል ግድግዳ ላይ ሊለጠፉ ይገባቸዋል፤ ከመረጃው በስተጀርባ ያለው ማን ነው? ማስረጃው ምንድን ነው? ሌሎች ምንጮችስ ምን ይላሉ?

ኢንተርኔት በሌለው ትምህርት ቤት ይህን ማስተማር አይቻልም የሚል አሳብ ሊነሣ ይችላል። የሚከተሉት መልመጃዎች ግን ጠመኔና ወረቀት ብቻ ይበቃቸዋል።

ሀ. የወሬ ጉዞ። መምህሩ አንድ ረዘም ያለ ዐረፍተ ነገር ለአንድ ተማሪ በጆሮው ይነግረዋል፤ ቃሉ እየተላለፈ መጨረሻው ተማሪ ዘንድ ሲደርስ በሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ከዚያ ምን እንደ ተጨመረ፣ ምን እንደ ተቀነሰና ለምን እንደሆነ ተማሪዎቹ ይወያያሉ።

ለ. ሦስት ምንጭ። በሠፈሩ የሚነገር አንድ አባባል፣ ለምሳሌ ስለ ክትባት ወይም ስለ ዋጋ፣ ይመረጣል። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያው፣ ወደ ቀበሌውና ወደ አንድ የታተመ ጽሑፍ ሄደው ያገኙትን ያስተያያሉ።

ሐ. የጋራ ካርታ። ተማሪዎቹ የትምህርት ቤቱን አካባቢ ካርታ ይሠራሉ፤ የውኃ ቦንቧውን፣ አደገኛውን የመንገድ ማቋረጫና የተከፈተውን ጉድጓድ ያመለክታሉ። በእያንዳንዱ ምልክት አጠገብ ማን አየው፣ መቼ አየው፣ ማን አረጋገጠው የሚለው ይጻፋል። ያልተረጋገጠው በሌላ ቀለም ይለያል።

መ. አቤቱታ። ከካርታው አንድ ችግር ተመርጦ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤው የሚጠየቀውን አንድ ነገር፣ ማስረጃውንና መልስ የሚጠበቅበትን ጊዜ መያዝ አለበት። መልሱ እስኪመጣ መከታተል የመልመጃው ዋና ክፍል ነው፤ ጽናት የሚማረው በዚህ ነውና።

ከነዚህም ጋር የሰው ክብር ይማራል። የክፍል ጓደኛን ፎቶግራፍ ሳያስፈቅዱ ማሠራጨት ነውር ብቻ ሳይሆን መብት መድፈር መሆኑን ተማሪው ሊያውቅ ይገባዋል። የተባበሩት መንግሥታት የልጆች መብት ኮሚቴ በ2021 ባወጣው 25ኛ አጠቃላይ ማብራሪያ፣ የልጆች መብት በዲጂታሉ ዓለምም የተጠበቀ መሆኑን ገልጿል። ይህም ልጁን ከጉዳት የመጠበቅንና የልጁን ድምፅ የመስማትን ግዴታ አንድ ላይ ያስራል።

8. ለዕቅድ አውጪዎች

በመጀመሪያ፣ ዲጂታል ዜግነት ለብቻው የሚሰጥ አዲስ ትምህርት ሆኖ ባይጨመር ይመረጣል። ፊንላንድ ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው የመሠረታዊ ትምህርት ሥርዓት ልዩ ልዩ የመልእክት ዓይነቶችን የማንበብና የመመዘን ችሎታን በሁሉም የትምህርት ዓይነቶች ውስጥ እንዲሠራበት አድርጋለች። በእኛም አገር የዜግነት ትምህርት መምህሩ ስለ መብትና ግዴታ፣ የቋንቋ መምህሩ ስለ አቤቱታና ስለ ክርክር፣ የሒሳብ መምህሩም ስለ አኃዝ አሳሳችነት ቢያስተምሩ፣ ሸክሙ ለሁሉም ይቀላል።

ሁለተኛ፣ መምህሩ ራሱ ያልተለማመደውን ሊያስተምር ስለማይችል፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ወደ ጎን ማንበብና የጋራ ጽሑፍ ዝግጅት በተግባር ሊሰጡ ይገባል። ሠልጣኞቹ በየአካባቢያቸው ቋንቋ የሚጽፏቸው ጽሑፎች በአንድ በኩል መልመጃ፣ በሌላው በኩል ለሕዝብ የሚቀሩ ዕውቀቶች ይሆናሉ።

ሦስተኛ፣ ተማሪውና መምህሩ ሕጉን ማወቅ አለባቸው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 አሳብን በመረጡት ማሠራጫ የመግለጽን መብት ያውጃል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ለጉዳዩ ድንበር ያበጁለታል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሊጠኑ ይገባል። ክልከላውን ብቻ የተማረ ልጅ ዝም ማለትን ይለምዳል፤ መብቱን ብቻ የተማረው ሌላውን መጉዳት ይለምዳል።

አራተኛና ዋነኛው፣ መሰላሉ በትምህርት ቤት ውስጥ መተከል አለበት። የተማሪዎች ምክር ቤት ጥያቄ የሚያቀርብበት መዝገብ፣ አስተዳደሩ መልስ የሚሰጥበት የተወሰነ ጊዜና ጥያቄው ተቀባይነት ባያገኝ ምክንያቱ በጽሑፍ የሚገለጽበት ደንብ ሊኖር ይገባል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ተማሪው በሥርዓት የተጠየቀ ነገር በሥርዓት እንደሚመለስ በትምህርት ቤቱ ካየ፣ ወደ ሰፊው አደባባይ ሲወጣም ይህንኑ ይጠይቃል፤ ይህንኑም ይሰጣል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከትናቸው ሁኔታዎች በአገርና በዘመን ቢለያዩም የሚያስተምሩት አንድ ነው። ኢንተርኔት የብዙዎችን ድምፅ ለመሰብሰብ ያስችላል፤ ድምፁን ወደ ዕውቀት የሚለውጠው ግን የማጣራት ልማድ ነው፤ ዕውቀቱን ወደ ውሳኔ የሚያደርሰውም በታወቀ ደረጃ የሚካሄድ ጽኑ ሥራ ነው። የማጣራት ልማድና ጽናት ከመሣሪያው ጋር አብረው አይሸጡም። የሚገኙት በተደጋጋሚ መልመጃና በአርአያ ሲሆን፣ ይህን በየቀኑ ለሁሉም ልጆች ለመስጠት ከትምህርት ቤት የተሻለ ስፍራ የለም። ስለሆነም መምህሩ በሚቀጥለው ሳምንት አንዱን መልመጃ ቢጀምር፣ ዕቅድ አውጪውም ለተማሪዎች ጥያቄ መልስ የሚሰጥበትን ደንብ ቢያረቅ፣ ሥራው በትክክለኛው ስፍራ ተጀመረ ለማለት ይቻላል።